ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሐይቅ ዳር፦ ልጆችና አያት ይዘን አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ማደር እንፈልጋለን

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጄና እናቴ ነን። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ባሕር ዳርቻ ካነበበች ጀምሮ «አሸዋ ላይ ድንኳን ተክለን እንደር» እያለች ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ሐይቅ ግን ቅርብ አለን ብለን በህዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይዘናል። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሁድ ሳይመሽ ቤታችን መግባት አለብን። ሰኞ ሥራም ትምህርትም አለ።

መኪናችን ኮሮላ ናት። ድንኳን ከጓደኛ እንዋሳለን። ባለቤቴ ወንጪ ይላል፣ እኔ ላንጋኖ እላለሁ። ቢሾፍቱ ይቅረባችሁ ያሉንም አሉ። እናቴ «እናንተ ደስ ካላችሁ እኔም ደስ ይለኛል» ብላ ነገሩን ለእኛ ትታዋለች። ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ጾመ ነቢያትንም ትጾማለች።

ማናችንም ድንኳን ውስጥ አድረን አናውቅም። የት ይሻላል? ምን እንያዝ? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ትንሹ ልጄ ነው። ውሃ ካየ አይመለስም።

ድንኳን ወዳድ፦
እህቴ፣ እንኳን አሰባችሁት። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው።

ሰው ቦታ የሚመርጠው ቀን ላይ በተነሳ ፎቶ ነው። ድንኳን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን እዚያ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ሌሊቱን ነው። በህዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጨልሟል። እስኪነጋ ድረስ ረጅም ነው፣ በተለይ ለልጅ። በዚያ ሰዓት ምን ያህል ይበርዳል? ትንኝ አለ ወይ? ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ልጁ ሌሊት ቢያተኩሰው የት ይወሰዳል? ማን ይጠብቃችኋል? ሦስቱን ቦታዎች በእነዚህ ጥያቄዎች መዝኗቸው። ከባለቤትሽ ጋር ያለው ክርክር ቶሎ ያልቃል።

ወንጪን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ነው። የተራራው ጠርዝ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ላንጋኖ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የ8 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በህዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ወንጪ ላይ ውርጭ ሊወርድ ይችላል። የ4 ዓመት ልጅ ብርድ ልብሱን ገፍቶ እንደሚተኛ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አባወራ ከሰበታ፦
የባለቤትሽ ጠበቃ ልሁን። ወንጪ ያምራል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴቲቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በጀልባ መሻገሩ፣ ፈረሱ፣ ፍል ውሃው፣ ሁሉም ልብ ይነካል። ከእኛ ከሰበታ በወሊሶ በኩል ስለሚቀርበን ብዙ ጊዜ እንሄዳለን።

ነገር ግን የምንሄደው ደርሶ ለመመለስ ወይም ክፍል ይዘን ለማደር ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ድንኳን አልተክልበትም። ለእናትሽ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለቱና ዳገቱ ከባድ ነው። ባለቤትሽን «ወንጪ በጥር፣ ቀን ላይ» ብለሽ አስማሚው።

የሆራ ልጅ፦
እኔ ቢሾፍቱ ነው የተወለድኩት። ስለ ከተማዬ እውነቱን ልንገርሽ።

ቅርብ ናት፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ልጅ ቢያምብሽ ሆስፒታል አለ፣ ቤትሽም ቅርብ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሐይቆቻችን፣ ሆራም፣ ባቦጋያም፣ የቢሾፍቱ ሐይቅም፣ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው ገደላማ ነው። ውሃው ውስጥም ተዳፋቱ ይቀጥላል። ከዳር ትንሽ ገባ ሲሉ መሬቱ ከእግር ስር ይጠፋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ልጅሽ የምትመኘው አሸዋማ፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳርቻ እኛ ጋ የለም። ሜዳ የሆነውን ዳር ደግሞ አብዛኛውን ሆቴልና ሪዞርት ይዞታል።

ለምሳ፣ ለጀልባ፣ ለአንድ ቀን መዝናናት ኑልን። ውሃ ካየ ለማይመለስ ልጅ ድንኳን ሐይቃችን አፋፍ ላይ አትትከሉ።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ገደላማው ዳር ማንም አልነገረኝም ነበር። ባለቤቴ አብሮኝ እያነበበ ነው። ስለ ብርዱ ሲያነብ ዝም አለ። እንግዲህ ላንጋኖ ይመስላል። ላንጋኖ ላይ ደግሞ ወባ አለ ይባላል፣ ውሃውም ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ነው የሚሉ አሉ። ይሄን የሚያውቅ ካለ?

ሲስተር ከቃሊቲ፦
ሰላም እህቴ። ነርስ ነኝ። ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከምር ነው።

በመጀመሪያ ወባ። ላንጋኖ ወባማ አካባቢ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ያቆረበት ጊዜ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ፣ ዋናው የወባ ወቅት ነው። ህዳር መሃሉ ላይ ነው። ደጋ ያደጉ ልጆች ደግሞ ሰውነታቸው ወባን አያውቀውም፤ ሲይዛቸው ይጠናባቸዋል። ይሄን የምልሽ ቅሪ ለማለት አይደለም። ተዘጋጅተሽ ሂጂ ለማለት ነው።

የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከመሸ ጀምሮ እስኪነጋ ነው። ዚፑ ደህና የሆነ፣ መስኮቱ ወንፊት ያለው ድንኳን ራሱ እንደ አጎበር ያገለግላል። ሰው የሚነከሰው ከድንኳኑ ውጭ በሚያመሽበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እራታችሁን ሳይጨልም ብሉ። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልጆቹን እጅጌ ሙሉ ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ አልብሻቸው። የትንኝ መከላከያ ቅባት ለልጅ የሚሆነውን ፋርማሲ ጠይቂ። ዚፑ ላይ ክፍተት ካለ በፕላስተር ድፈኑት። ለእናትሽ ክፍል ከያዛችሁ አጎበር መኖሩን አረጋግጡ። አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የልጆቹን ሐኪም አማክሪ፣ በራስሽ አትግዢ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ይበልጥብኛል። ትኩሳት የሚመጣው ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ጉዞውን ረስቶታል። «ጉንፋን ነው» ይባላል። ልጅ ካተኮሰ በዚያው ቀን ደም ይመርመር። ለሐኪሙም «ላንጋኖ አድረን ነበር» በይ። እዚህ አዲስ አበባ ካልተናገርሽ ወባ ላይታሰብ ይችላል።

ቢልሃርዚያን በተመለከተ ላንጋኖ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ለዋና ደህና ነው ተብሎ የሚታወቀው ነው። ዝዋይ ወይም ደምበል ላይ ግን በሽታው አለ። በውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች በኩል የሚመጣው ትል በቆዳ ነው የሚገባው። እግር ማስነከርም በቂ ነው። መንገድ ላይ ዝዋይ ዳር ስትቆሙ ልጆቹ ጫማቸውን እንዳያወልቁ።

የባቱ ልጅ፦
ሲስተር ያለችው ትክክል ነው። እኔ ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ ከተማ፣ ነው የምኖረው። ደምበል ሐይቅ ዳር ብሉ፣ ጠጡ፣ ወፍ እዩ። አትዋኙ፣ ድንኳንም አትትከሉ። ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊበላ ይወጣል። መንገዱ ላይ የተተከለ ድንኳን ካገኘ የሚዞርበት ምክንያት የለውም። ቆቃ ላይም እንደዚያው፣ እዚያ አዞም አለ።

ላንጋኖ ቡናማ የሆነው በደለል ነው። የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው፣ የማይቀመጥ። የከተማ ቆሻሻ አይደለም። ላንጋኖ ላይም ግን ሁሉም ዳር እኩል አይደለም። ሰው የሚዋኝበትን፣ ጥበቃ ያለበትን ዳር ያዙ። ሌላ ቦታ ለመግባት የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትሞክሩ።

ለልጃችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ደምበል፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሲጎድል ነው የተለያዩት። ዛሬም የቡልቡላ ወንዝ ከደምበል ወደ አብያታ ይፈስሳል። ባሕር አየሁ ብትል ብዙም አልዋሸች።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጄ፣ መንገዱን ለእኔ ተይው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚያ መስመር ነው።

ቱሉ ዲምቱ መኖራችሁ ትልቅ ዕድል ነው። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ደጃችሁ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። በፍጥነት መንገዱ ሞጆ ድረስ፣ ከሞጆ ደግሞ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ ይዛችሁ እስከ ባቱ። ክፍያ አለው፣ ክፈሉ። በድሮው መንገድ ከተሳቢ ጋር እየተጋፋችሁ ልጆቹ ከሚያስመልሳቸው ይሻላል። ከዚያ በኋላ አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አልፋችሁ በስተግራ ወደ ሐይቁ ትታጠፋላችሁ። ጠቅላላው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከባቱ በኋላ ፍጥነት ቀንሱ። ጋሪ አለ፣ አህያ አለ፣ ከብት ይሻገራል፣ ልጆች አስፋልት ዳር ይጫወታሉ። ነዳጅ ባቱ ላይ ሙሉ። ነዳጅ በቴሌብር ስለሆነ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፣ ሂሳብም ይኑረው። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ኮረኮንች ነው። ኮሮላዋ አምስት ሰውና ያን ሁሉ ዕቃ ጭና ሆዷ ይነካል። መጥፎ ቦታ ላይ ሰው ይውረድ፣ መኪናዋ ትቅለል። ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ከቤት ሳትወጡ እዩ።

የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። የሚጠየቀው በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የምታርፉበትም ቦታ ደውሉ። «ተዉ» ካሏችሁ ተዉ። ሐይቁ የትም አይሄድም። እሁድ ከ8 ሰዓት በኋላ እዚያ አትቆዩ። ማታ አትንዱ፣ ማታ ፈጽሞ አትንዱ።

ቆዬ ፈጬ፦
ሁላችሁም «የምታርፉበት ቦታ» ትላላችሁ። ካምፒንግ ከሆነ ለምን ክፍያ? ሐይቁ የሕዝብ ነው። ራቅ ያለ ዳር ፈልጎ መትከል አይቻልም? ኑሮው እንደምታውቁት ነው።

ድንኳን ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ስለ ገንዘቡ ያልከው ይገባኛል። ለብዙ ቤተሰብ ወሳኙ እሱ ነው። ግን የክፍል ኪራይ ሳይሆን የድንኳን ቦታ ኪራይ ነው የሚከፈለው፤ ከክፍል በጣም ያንሳል። በእሱ የምታገኘው ዘበኛ፣ ሽንት ቤት፣ መብራት ያለበት በር፣ ሌሊት ብትጣራ የሚሰማህ ሰው ነው። ጎልማሶች ብቻ ብትሆኑ ሌላ ነገር ነው። አያትና ሕፃን ይዞ ብቻህን ጨለማ ዳር ላይ ማደር ግን ትክክል አይደለም። ጅብም አለ፣ ሰውም አለ። መሬቱም ባዶ አይደለም። ሰው የሚያርስበት፣ ከብቱን የሚያጠጣበት ነው። ሳይጠይቁ መትከል ነውር ነው።

የባቱ ልጅ፦
ጨምርበት። ሰው ስታገኙ ሰላምታ ስጡ። «አካም ጅርቱ» ማለት ማንንም አይከብድም። ወተትና ዓሣ ከአካባቢው ሰው ግዙ። ያኔ እንግዳ ትሆናላችሁ እንጂ ባዕድ አትሆኑም።

ዋናተኛዋ፦
ትንሹን ልጅ በተመለከተ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ላንጋኖ ዳሩ አሸዋማ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ለልጅ ጥሩ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ውሃው ቡናማ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ልጅ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በዚያች ቅጽበት ከዓይን ይሰወራል። ጠርቶ አይሰምጥም። ድምፅ የለውም። እጁን አያወናጭፍም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጆቹ ውሃ አጠገብ ባሉ ጊዜ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰው ሥራው እነሱን ማየት ብቻ ይሁን። ስልክ የለ፣ ቡና የለ። ሲደክመው በቃል «ተረከቢ» ብሎ ለሌላው ያስረክብ። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ካኔቴራ አልብሻቸው። ላይፍ ጃኬት ከልጁ ክብደት ጋር የሚሄድ ፈልጉ፣ በብብቱ ስር ጥብቅ ይበል። የሚነፋ ቀለበትና የመኪና ከመነዳሪ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ልጁን ከነከመነዳሪው ወደ መሃል ይገፋዋል። ዋና ጠዋት ይሁን።

ሌሊት ደግሞ የድንኳኑ በር ከውሃው ተቃራኒ ይሁን። ልጁም በእናትና በአባት መካከል ይተኛ። ዚፑ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሩ። ከተነሳ ትሰሙታላችሁ።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
እህቴ፣ ስለ ቃጭሉ ተባረኪ። እናቴ ሰምታ «የበግ ቃጭል አለኝ» ብላ ፈልጋ አመጣችው። አሁን ትንሽ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

ድንኳኑን አሸዋ ላይ እንዴት ነው የምንተክለው? ምግብስ? እናቴ ጾመኛ ናት፣ ልጆቹ አይጾሙም። ከሰል ልንይዝ አስበን ነበር፣ ብርድ ከሆነም ድንኳኑን ለማሞቅ።

ሲስተር ከቃሊቲ፦
የለም! ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም! ፍሙም ቢሆን፣ ጭሱ ቢያልቅም፣ በሩ ገርበብ ቢልም። ጭሱ ሲያልቅ ሰው ደህና ሆነ ይላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው አይነቃም። በየዓመቱ በዚህ ከተማ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚያልቀው በዚሁ ነው፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠብባል። ላንጋኖ እንደ ደጋው አይበርድም፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃችኋል። ብርዱ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ከስር ደርቡ።

ድንኳን ወዳድ፦
ሲስተር የልቤን ተናገረች። ስለ ከሰል እኔም አንድ ልጨምር። በዚያ መንገድ ዳር የተደረደረው ጆንያ ሁሉ የስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። አንድ ግራር ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እኛ ለአንድ እራት እናነደዋለን። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፣ እባካችሁ።

የባቱ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ግራሩ ማለቁ እኔን ከአንተ በላይ ያመኛል። በልጅነቴ ጥላ የነበረው ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው። ግን ከሰል የሚሸጠው ጎረቤቴ ነው። ዝናብ ሲቀር፣ እህሉ ሲከዳው፣ ልጁን የሚያበላበት ሌላ የለውም። «አትግዙ» ብቻ ካልን እሱ የት ይግባ? ከእሱ ዓሣ ግዙ፣ ማር ግዙ፣ ድንኳናችሁን እንዲጠብቅ ክፈሉት። ያኔ ግራሩን የማይቆርጥበት ምክንያት ያገኛል።

ድንኳን ወዳድ፦
ልክ ነህ። ያልኩትን አልለውጥም፣ ያልከውን ግን እጨምርበታለሁ።

አሁን ስለ ድንኳኑ። አሸዋ ካስማ አይይዝም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ ድንኳኑ ከነካስማው ይነቀላል። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያዙ። አሸዋ ሞልታችሁ፣ አፉን አስራችሁ፣ የድንኳኑን ገመድ ከረጢቱ ላይ አስራችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። በየማዕዘኑ አንድ። ማንም ነፋስ አያነቅለውም። ከግራር ስር አትትከሉ። ጥላው ያጓጓል፣ ግን እሾሁ ወለሉንም የሚነፋውን ፍራሽም ይበሳል። በእሾሁ የተነሳ ባዶ እግርም አይሆንም፤ ልጆቹ ሰንደል አያውልቁ። ከስር ሸራ፣ ከሸራው ላይ ሰሌን አንጥፉ። ከውሃው ጠርዝ ራቅ በሉ።

እናትሽን ድንኳን ውስጥ አታስተኛት። ከመሬት መነሳት ለሚያም ጉልበት ፈተና ነው። አንድ ክፍል ያዙላት፣ ድንኳኑ ክፍሉ አጠገብ ይተከል። ልጆቹ ሌሊት ቢፈሩ ወይም ቢዘንብ መግቢያ ይሆናችኋል።

ፖፖ ያዙ። ለትንሹ።

ዕቃውንም ምግቡንም ሲመሽ መኪና ውስጥ ቆልፉ። ጦጣ ከእጅ ነው የሚነጥቀው፣ ጅብ ደግሞ ጫማም አይተውም።

እማማ ከለገጣፎ፦
የኔ ልጆች፣ ስለ ምግቡ እኔ ልናገር። እዚያ ሄዶ ሙሉ ወጥ መሥራት ድካም ነው። ቤት አብስላችሁ ሂዱ።

ለእናትሽ ድርቆሽ ያዢላት። አይሻግትም፣ አይከብድም። ሽሮውን በትንሹ አፍልቶ ድርቆሹን መፈርፈር ነው። ሱፍና ተልባ ተፈጭቶ በየላስቲኩ። በሶ አይቅር፣ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል። ጠዋት ቂንጬ በዘይት። ለልጆቹ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ቆሎ ለመንገድ። ሥጋ አትያዙ፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ልጆቹ ባቱ ላይ ዓሣ ይብሉ። ቆሮሶ ለብለብ ይወዳሉ፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ስጧቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናትሽ ተዉላት፣ ምሳ ላይ አታከራክሯት።

የሚጠጣ ውሃ ከቤት ጫኑ። በሃይላንድ ከመግዛት ጀሪካን ይሻላል። ትንሿን ጀበና አትርሺ። እናትሽ ጠዋት ሐይቁን እያየች ቡና ብትጠጣ ጉልበቷን ትረሳዋለች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም መዋል ደግሞ አትወድም። ጠይቂያት፣ ስትመለሱ ባቱ ላይ ትሳለማለች።

ፌስታሉንና ጠርሙሱን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

የሱሉልታ ልጅ፦
ዘግይቼ ነው። እውነተኛ ባሕር ማየት ከተፈለገ ጅቡቲ በባቡር አይቻልም? መነሻው ለቡ አጠገብ ነው።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ይቻላል ልጄ፣ ግን መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፓስፖርት አለ፣ ድንበር አለ። በቅዳሜና እሁድ ከሕፃን ጋር አይሆንም። በክረምት እረፍት ደግሞ ጅቡቲ እሳት ናት። በጥር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይታሰብ።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
እማማ፣ እንዴት ደስ አሰኙኝ። ጋሼ፣ ስለ መንገዱ ያሉትን ባለቤቴ በወረቀት ጽፎታል። እድሜ ይስጥልን።

ወስነናል። ላንጋኖ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን። ባቱ ቁርስና ነዳጅ፣ ልጆቹ ደምበል ዳር ጫማቸውን ሳያወልቁ ወፍ ያያሉ። ከ5 ሰዓት በፊት ሐይቁ ጋ ደርሰን ነፋሱ ሳይነሳ ድንኳኑን እንተክላለን። የደወልንበት ቦታ ዘበኛ አለው፤ ለእናቴ አንድ ክፍል አጎበር ያለው ይዘናል፣ ድንኳኑ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት ይሆናል። ከባለቤቴ ጋር በውሃው ዳር ተረኛ እንሆናለን፣ በቃል እየተረካከብን። የጋዝ ምድጃ ከእህቴ ተውሰናል። ከሰል አንይዝም። እሁድ ጠዋት ዋና፣ ከዚያ ቡና፣ 7 ሰዓት ላይ መነሳት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እሁድ አብያታ ሻላ ፓርክ ገብተን ፍላሚንጎ ለማሳየት ጊዜ ይበቃናል?

የባቱ ልጅ፦
ሲመለሱ በስተግራ ነው፣ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። በር አካባቢ ሰጎን ታያላችሁ፣ ለልጆቹ ይበቃል። ወደ አብያታ ዳር ግን በኮሮላ አትውረዱ። ሐይቁ እየሸሸ ስለሆነ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከስሩ ጭቃ ነው፣ መኪና ይውጣል። የሻላ ፍል ውሃም ለትንሹ ልጅ አደገኛ ነው፣ የሚያቃጥል ነው። ፍላሚንጎውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ድንኳን ወዳድ፦
እቅዱ ጥሩ ነው። የቀረችው አንዲት ነገር ናት። የተዋሳችሁትን ድንኳን ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ትከሉት። ምሰሶው ሙሉ ነው ወይ? ዚፑ ይዘጋል? ወንፊቱ ተቀዷል? ልጆቹ አንድ ከሰዓት ውስጡ ይጫወቱ፣ ከተቻለም በባትሪ ብርሃን ያምሹበት። ጨለማ ውስጥ ያለ ድንኳን ለልጅ እንግዳ ነገር ነው። አንዴ ካወቀው አይፈራውም።

የቱሉ ዲምቱ እናት፦
የግቢውን ኮሚቴ ጠይቄያለሁ፣ ፈቅደዋል። የጎረቤት ልጆችም ካሁኑ «እኛስ?» እያሉ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት የት እንደሚገኝ ንገሩኝ፣ አራት እፈልጋለሁ።

ቆዬ ፈጬ፦
እኔ አለኝ። ጎረቤታሞች ነን፣ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ። ድንኳኑ ሲተከልም ልይ፣ ለእኛም ቤት አስቤያለሁ።